ድምፅ ሳታሰማ የወረደችው መኪና

ባለፈው ሰሞን ልጄን ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ ነበር። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ነው ነጠላዬን አንጠልጥዬ ከብቸና የተነሣሁት፤ ዘንድሮ መንገድ እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፣ ብቅ ሲል ካልተሻሙት መልሶ ይጠፋል። በማግስቱ ጧት ፊቴን ልታጠብ ደጅ ወጥቼ ውኃውን በእፍኜ እንደያዝሁ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሊነሣ ሲታገል ሰማሁ። ግር፣ ግር፣ ግርርር ይልና ዝም ይላል። ትንሽ ያርፍና ደግሞ ግርርር። ቀጥሎ ያልተቃጠለ የናፍታ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ውኃው በጣቶቼ መካከል ሾልኮ አለቀ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ ልጄ ፋሲካ።

«ጭሱን እዪልኝ። ነጭ ነው? ወይስ ጭራሽ የለም?»

«የምን ጭስ?»

ሰዎቹ ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ አያያዙለትና መኪናው ተንደቅድቆ ተነሣ፤ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ለእነሱ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ግን ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። ፋሲካ ሕመም መስሏት «ሐኪም ቤት እንሂድ» እያለች ስትወተውተኝ ዋለች። ምን ብዬ ልንገራት? አባቷ ካረፈ ገና ዓመት አልደፈነም። አጎቷን ደግሞ በፎቶግራፍ እንኳ አታውቀውም።

ያን ድምፅ እኔ በልጅነት ትዳሬ ጧት ጧት የምነቃበት ድምፅ አድርጌ ነው የማውቀው። ባሌ ሞላ ሹፌር ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ባዬ ደግሞ ረዳቱ። መኪናዋ ሰማያዊ ነበረች፤ ከነጋዴ እጅ አርጅታ የደረሰችን፣ ግንባሯ ላይ «ቀን ያልፋል» ተብሎ በቢጫ ቀለም የተጻፈባት። ከብቸና ጤፍና ሽምብራ ጭነን በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን አድርገን ሞጣ እንገባለን፤ ስንመለስ ማር፣ በርበሬ፣ ቆዳ፣ የተገኘውን ሁሉ። እኔም ሽንኩርትና ጨው እነግድ ስለነበር ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ካቢናው ውስጥ ነኝ። ያን ጊዜ ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ዛሬ ስሙኒ ምን እንደሆነች የልጅ ልጆቼ አያውቁም። ሞላ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን በቅቤ አርሶ ወደ ኋላ አበጥሮ ነው መሪ የሚይዘው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ እንጂ በርበሬ የሚጭን አይመስልም። ባዬ ደግሞ ዘመኑ ያመጣውን ከታች የሰፋ ሱሪ ያደርግ ነበር። እናታችን «ይኼ ሱሪ ነው ወይስ መጥረጊያ?» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው፣ የብቸናን አቧራ እየጠረገ ነበር የሚሄደው። እኔም አበባ ያለበት ቴትሮን ቀሚስ ነበረኝ፤ ከገበያው በላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ይቀመጥ የነበረው ልብስ ሰፊ ነው የሰፋልኝ። ያ ቦታ ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል። መኪናዋ ውስጥ አንዲት የማሲንቆ ካሴት ነበረች፣ ሌላ አልነበረንም። ጉንደ ወይን ስንደርስ አንዱ ጎኗ ያልቃል፣ ባዬ ይገለብጣታል፤ ሞጣ ስንደርስ ሁለተኛው ጎን ያልቃል። እኔ እስከ ዛሬ መንገዱን የማስታውሰው በዘፈኖቹ ተራ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ክረምት በኋላ ነው። መኪናዋ ቀን ላይ፣ ሞተሯ ሞቅ እያለ ካጠፏት ወዲያው ትነሣለች። አድራ ጧት ሲሆን ግን ትለምናለች። መጀመሪያ ትንሽ ነበር የምትለምነው፤ እየቆየ ፀሐይ እስኪወጣ ድረስ ሆነ። አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲጠብቅ አንድ የቅኔ ተማሪ «ሞላ ቢሞላም ሞላ አልተነሣ!» ብሎ ጣለው። ናፍታውን ነው፣ አይ ሹፌሩን ነው፣ እያሉ ሰዎቹ ሲከራከሩ መኪናዋ ተነሣች። ሞላም አብሯቸው ሳቀ። ያኔ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

ጋሽ ዘለቀ የሚባል መካኒክ ብቸና ነበረን፤ በመላው አካባቢ የታወቀ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ እጁ ግን የማያርፍ ሰው። መጀመሪያ ባትሪውን አየ። ራሶቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ ገመዶቹን አጠበቀ። ከዚያ ሞተሩን የሚያዞረውን ሞቶሪኖ አውርዶ አደሰው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ፈጥኖ ይዞራል፣ ግን አይነሣም።

«እንግዲህ ችግሯ የጉልበት አይደለም» አለ ጋሽ ዘለቀ። «የጉሮሮ ነው። የሺ፣ አንቺ ከኋላ ቁሚና ጭሱን እያየሽ ንገሪን። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍታው ደርሷል፣ ግን አልነደደም ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ አየር አጥሯታል። ምንም ከሌለ ናፍታው ራሱ አልደረሰም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱ ሆነ። በብርድ ነጠላዬን ተከናንቤ ጭስ ማውጫው አጠገብ እቆማለሁ። ሞላ ከካቢናው «የሺ፣ አለ?» ይለኛል። «የለም!» እላለሁ። ግርርር። «አሁንስ?» «የለም!» ብዙ ከታገለች በኋላ አንዲት ቀጭን ነጭ ጭስ ብቅ ትላለች፤ «መጣ! መጣ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ከዚያ ሳል ሳል ያደርጋትና ትነሣለች። ያን ጊዜ የነበረኝ ደስታ! ልጅ የወለድሁ ያህል።

«አየር ነው» አለ ጋሽ ዘለቀ። «ሌሊት ቆማ ስታድር ናፍታው ወደ ታንከሩ ይመለሳል። የሆነ ቦታ ላይ አየር ትስባለች።»

የናፍታውን ማጣሪያ ለወጠ። ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ እየፈታ መልሶ አሠረ። ባዬ ሥሯ ተኝቶ በባትሪ መብራት እርጥብ ቦታ ሲፈልግ ውሎ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። እርጥብ ቦታ የለም። ናፍታ የሚያፈስ ቀዳዳ ቢሆን ይታይ ነበር፤ አየር የሚስብ ቀዳዳ ግን የሚያንጠባጥበው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም የመሰለንን ማድረግ ጀመርን። እኔ ጧት ጧት ከሰል አንድጄ ከሞተሩ ሥር አስገባለሁ፣ ብርድ ይሆናል ብዬ። እናቴ ከደብረ ወርቅ ጠበል ላከችልንና ኮፈኑን ከፍተን ረጨን። አንድ ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። በመጨረሻ ጋሽ ዘለቀም ተስፋ ቆረጠ። «አየር ነው ያልሁት ተሳስቼ ይሆናል። ናፍታ የሚገፋው ፖምፓዋ አልቋል መሰለኝ። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ካልተላከ እዚህ የሚሠራው የለም» አለ። አዲስ አበባ የሚላክበት አቅም አልነበረንም። ሞላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እሺ ጋሼ» አለ። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። ሐኪም «ውሰዱት፣ ቤቱ ይሁን» ሲል ሰው የሚመልሰው ዓይነት እሺ ነበር።

እስከዚያው መብላት ነበረብን። ሞጣ ስንደርስ ሞተሯን ሳያጠፋ ማዋል ጀመረ፤ ናፍታው ትርፉን በላው። ቀጥሎ ቁልቁለት ላይ ማሳደር መጣ። ማታ ዳገት ጫፍ ላይ ያቆማታል፤ ባዬ የኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ጧት ባዬ ድንጋዩን ያነሣና በጭነት ሳጥኑ፣ በካሶኒው፣ ግራና ቀኝ ካሉት መሰላሎች አንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ መኪናዋ በክብደቷ ትንከባለላለች፣ ሞላ ማርሽ ያስገባል፣ ሞተሯ ይይዛል። ከሞቶሪኖው ይልቅ ይኼኛው ይሻላት ነበር። ጋሽ ዘለቀ ግን አልወደደውም። «ፍሬኗ በአየር ነው የሚሠራ፤ አየሩን የሚሞላው ደግሞ ሞተሩ ነው። ስታድር ያ ሁሉ ይተነፍሳል። ሞተሩ ሳይነሣ ከተንከባለለች ፍሬን የለህም፣ ሞላ» ብሎት ነበር። ሞላም ያውቀዋል። ባዬም ያውቀዋል። ባዬ «እሷን ለሞላ ተዋት፣ ጋሼ» ብሎ ሳቀ። ምን ያድርጉ? እርሻ የለን፣ ሌላ ሙያ የለን።

የሞጣ ገበያ ቀን ነበር። ከዳገቱ ራስ ላይ ካለች አልጋ ቤት አድረን ጧት ተነሣን። ብርድ ነበር፣ ሰማዩ ግን የጠራ። እኔ የሽንኩርት ከረጢቴን እያሠርሁ በሩ ላይ ነበርሁ። ሞላ መጀመሪያ በቁልፍ ሞከራት፤ ሁለት ጊዜ ግርርር አለችና ተወችው። ከዚያ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «በል፣ ባዬ» አለው። ባዬ ድንጋዩን አንሥቶ በቀኝ በኩል ካለው መሰላል ላይ ወጣ። ዘወር ብሎ «ከታች እንጠብቅሻለን!» አለኝ። መኪናዋ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች።

እኔ ጆሮዬ ሁልጊዜ የሚጠብቃት አንዲት ድምፅ ነበረች፤ ሞላ ማርሽ አስገብቶ ሲለቅ ሞተሯ ጉም ብላ የምትይዝባት። ጉም አለች፣ አንገጫገጫት፣ ግን አልያዘችም። ሞላ ኋላ እንደነገረኝ እንደገና ፍሪሲዮኑን ረግጦ ትንሽ ፍጥነት ሊያስወስዳት ሲል ማርሹ ወጣ፣ አሮጌ ነበርና መልሶ አልገባለትም። ፍሬኑን ረገጠ፣ ባዶ ነው። የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፣ ያለቀ ነው። ጥሩምባዋም በአየር ነበር የምትሠራው። ያን የሚያህል መኪና፣ ጤፍ እስከ አፉ የተጫነ፣ ያለ ምንም ድምፅ ቁልቁል ሲሄድ አየሁ። ጎማው ጠጠር ሲፈጭ ብቻ ይሰማል። ያን ዝምታ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በሕልሜ ሰምቼዋለሁ። ከታች፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት፣ ገበያተኛው ግጥም ብሎ ይወጣ ነበር፤ ማሰሮ የተሸከሙ ሴቶች፣ አህያ የሚነዱ፣ ልጅ ያዘሉ። ድምፅ ስለሌላት ማንም ቀና አላለም። ሞላ በመስኮት «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ይጮህ ነበር። በግራ ሰው ነው። በቀኝ የእህል መጋዘን የድንጋይ ግድግዳ አለ። ሞላ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ።

ከገበያተኛው አንድም ሰው አልተነካም። ባዬ በካሶኒውና በግድግዳው መካከል ነበር።

እንዴት እንደ ወረድሁ አላውቅም። ስደርስ አቧራው አልረጋም፣ ጤፉ ከተቀደደው ማዳበሪያ እየፈሰሰ ነበር። ሞላ ክንዱ ተሰብሮ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ ተቀምጧል። «ውረድ እንጂ» ይሉታል፤ አይሰማም። ሴቶቹ ማሰሯቸውን አስቀምጠው ለባዬ ያለቅሱ ነበር፤ ልጅ ያዘለችው አንዷ ደግሞ ወደ ሞላ ቀርባ በመስኮቱ እጁን ሳመችው። «አተረፍኸን፣ የኔ ጌታ። ማርያም ታትርፍህ» አለችው። ከዚያ ቀን በኋላም ሞጣ በሄድን ቁጥር ሰው ትከሻውን ይስመው ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እያንዳንዱ ምስጋና ለኔ ምን እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ።

ባዬን ደብረ ወርቅ አፈሩን አለበስነው። ሞላ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ በቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆመ። ሲያበቃ እናቴ ሕዝቡን ገፍታ ሄደችና ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም።

«አንተ ልጄ» አለችው፣ «ልጄን ለገበያተኛው ሰጠህብኝ።»

«እመት…» አለ ሞላ።

መንግሥትም አየው፣ ሽማግሌም አየው፤ ሁሉም ጥፋት የለበትም አሉ። እናቴም በሽማግሌ ፊት ይቅር ብያለሁ አለች፤ ግን እስክትሞት ድረስ ቤታችን እህል አልቀመሰችም። ስትመጣ ደጅ ቁጭ ብላ ኋላ የወለድኋትን ፋሲካን አቅፋ ስማ ትሄዳለች።

መኪናዋን እየጎተቱ ብቸና አመጧት። ለመለዋወጫ እንድትሸጥ ጋሽ ዘለቀ ይፈታታት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ ግባ ስንለው አልገባም። እጁ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፈታው። ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ ናት፣ ናፍታ ከታንከሩ የሚመጣባት።

«ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አጥንት ጋር፣ በቆርቆሮ ታስራ ነበር» አለ። «የተሰነጠቀችው ከቆርቆሮው ሥር ነው። ሁሉን ስፈታ ይቺን ቆርቆሮ አልፈታኋትም። ለምን እንዳልፈታኋት አላውቅም። ቱቦዋን ብቻ ነው የያዘችው፣ መገጣጠሚያ አይደለችም ብዬ ይሆናል።»

ሞላ ተቀብሎ በደህና እጁ አጎበጣት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተከፈተች። ቀጥ ሲያደርጋት ተዘጋች፣ ምንም የላት። ደግሞ አጎበጣት።

«ይቺ ናት?» አለ።

«ይቺ ናት።»

«ፖምፓው ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው።» ጋሽ ዘለቀ ማልቀስ ጀመረ፤ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል። «አየር ነው ብዬ ነበር። በአፌ ተናግሬው ነበር።»

ሞላ ቱቦዋን መልሶ ሰጠው። «ሂድ፣ ጋሼ። አንተ ምን አደረግህ» አለው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ዘለቀ ጋራዡን ሳይዘጋ ቀረ እንጂ ሰውየው ሌላ ሆነ። የሰው መኪና ይዞ አንዱን ቡሎን አሥር ጊዜ ያጠብቃል፣ ደንበኛው ተሰላችቶ ይሄዳል። እንደዚያው ሆኖ አረጀ፣ ሞተ።

ሞላ ዳግመኛ መሪ አልያዘም። እህል መጋዘን ሚዛን ላይ ተቀጠረና ዕድሜውን ኩንታል ሲመዝን ጨረሰ። ክፉ ባል አልነበረም። አይጠጣም፣ አይቆጣም፤ ፋሲካን አሳድጎ ድሯል። ግን በመካከላችን አንዲት ያልተጠየቀች ጥያቄ ነበረች። ባዬ በየትኛው ጎን እንደተንጠለጠለ እኔ አይቻለሁ። ሞላስ አይቶ ነበር? አንዳንድ ቀን ባዬ ሁልጊዜ በግራ መሰላል የሚወጣ መስሎት ይሆናል እላለሁ። አንዳንድ ቀን በዚያች ቅጽበት ማን ምን ያያል እላለሁ። ምሳ አቅርቤ፣ እጁን አስታጥቤ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፤ ውኃ እጠጣባታለሁ። ብጠይቀውና «አላየሁም» ቢለኝ አላምነውም፤ «አይቻለሁ» ቢለኝስ የት እገባለሁ? ትዳር እንዲህም ሆኖ ይቆማል። አርጅተንበት ቆመ።

አምና ሞላ ታመመ። ሆዱን ነበር፤ ሐኪሞቹም ብዙ አልደከሙበትም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲሆን ወንበር አውጥቼ ግድግዳው ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ እኔ አጠገቡ ምስር እለቅማለሁ። አንድ ቀን እንደዚያው ተቀምጠን ሳለ ጠራኝ።

«የሺ።»

«ወይ።»

«ምነው አንድ ቀን ሳትጠይቂኝ ቀረሽ?»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ።»

ቀና አላልሁም። ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር አነሣሁና ወረወርሁ።

«በመስታወቱ አየሁት» አለ። «ሳልጠመዝዝ በፊት አየሁት። እሱም አየኝ።»

ጎረቤት ውሻ ይጮህ ነበር። አንድ ሰው ከመንገዱ ላይ እግዜር ይማርህ ብሎት አለፈ፤ ሞላ እጁን በትንሹ አነሣለት። «ፈርቶ ነበር?» አልሁት።

«እሱ አልፈራም» አለ። «መሪውን የያዝሁት እኔ ስለሆንሁ አልፈራም ነበር።»

ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ጠበቀ። የሚጠብቀውን ቃል አውቀዋለሁ። አጭር ቃል ናት፣ እናቴ እንኳ በሽማግሌ ፊት ብላታለች። አፌን ከፈትሁ፣ የባዬ ፊት መጣብኝ፣ ከደንሁት። የሴቶቹ ፊት መጣብኝ፣ ልጅ ያዘለችው፤ ደግሞ ከፈትሁ። ምንም አልወጣም። ፀሐይዋ ከእግሩ ላይ እየሸሸች ነበርና ሰፌዱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ወንበሩን ከነእሱ ጎትቼ ፀሐይ ያለበት አደረስሁት፣ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አለበስሁት። ከዚያ በላይ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።